በባዕድ ከተማ የተዘረጋ የአገር ቤት ማዕድ
(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት የቀረበ)



ዛሬ ማታ በተፈቀደልን ጊዜ የምንናገረው ስለ አንድ የመጠጥ ቤት ነው። ርእሱ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቻችን እንደ ሣቁ ሰምተናል። «ጃፓን ድረስ ተሂዶ የሚወራው ስለ መጠጥ ቤት ነውን?» ያሉም አሉ። መሣቃቸውን አንቃወምም። ነገር ግን አንድን ሕዝብ ለማወቅ ፋብሪካውንና ቤተ መጻሕፍቱን ማየት ብቻ አይበቃም፤ ማታ ከሥራ በኋላ የት እንደሚቀመጥ፤ ምን እንደሚበላና ከማን ጋር እንደሚጫወት ማየት ደግሞ ያስፈልጋል። እስከ መጨረሻው ብትታገሡን ይህን የምናስረዳ ይመስለናል።

አባቶቻችን ስለ ጃፓን አንድ ትልቅ ጥያቄ ነበራቸው። ክቡር ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ስሙ ራሱ «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚል ነው። ጥያቄው ለዘመኑ የሚገባ ነበር። እኛ ግን በትምህርት ምክንያት በኦሳካ ከተማ ጥቂት ወራት ከቈየን በኋላ ሌላ ጥያቄ ይዘን ተመለስን። ይኸውም፦ ጃፓን ከሠለጠነች በኋላ የየአውራጃው ሕዝብ የገዛ ራሱን ጣዕም እንደምን ጠበቀው? ጠብቆስ ለሌላው ሰው እንደምን አቀረበው? የሚል ነው።

ንግግራችን ሦስት ነገር ይይዛል። በመጀመሪያ ኢዛካያ የሚባለው የሰፈር መጠጥ ቤት ምን እንደ ሆነ እንገልጻለን። ቀጥሎ በኦሳካ፤ ታይሾ በሚባለው ወረዳ፤ ከኦኪናዋ ደሴቶች የመጡ ሰዎች ከከፈቱአቸው ቤቶች በአንዱ ያየነውን እንተርካለን። በመጨረሻም ይህ ነገር እኛን ተማሪዎችን በምን እንደሚነካን እንነጋገራለን።

ኢዛካያ የሚለው ቃል በጃፓንኛ «ተቀምጠው የሚጠጡበት የሳኬ መሸጫ» እንደ ማለት ነው። ሳኬም ከሩዝ የሚጠመቀው መጠጣቸው ነው። ቶኪዮ ገና ኤዶ ትባል በነበረበት ዘመን ነጋዴዎች ሳኬን እየሰፈሩ ይሸጡ ነበር፤ ገዢውም ዕቃውን አስሞልቶ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ቈይቶ ግን የቀን ሠራተኛው፤ ተሸካሚውና ቤተ ሰቡን ትቶ ከገጠር የመጣው ሰው ሁሉ እዚያው ሱቁ ውስጥ መጠጣት ጀመረ። ሻጩም ከመጠጡ ጋር የሚቀመስ ነገር እያበሰለ ጨመረ። በዚህ ዓይነት ሱቁ መቀመጫ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1811 በኤዶ በተደረገ ቈጠራ 1,808 ኢዛካያ ተገኝቷል። ስለዚህ ነገሩ ትናንት የመጣ ልማድ አይደለም።

ደጃፉ ላይ ቀይ የወረቀት ፋኖስ የተሰቀለበት ቤት ኢዛካያ መሆኑን አላፊ አግዳሚው ያውቃል። በኛም አገር በደጅ በተተከለ እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ ሲታይ ጠላ መኖሩ ይታወቅ የለምን? እንግዳው አጭሩን የበር መጋረጃ ገለጥ አድርጎ ሲገባ የቤቱ ሰዎች በአንድ ድምፅ «እንኳን ደኅና መጣችሁ» ይላሉ። ከተቀመጠ በኋላ እጁን የሚጠርግበት ሙቅና እርጥብ ፎጣ ይሰጠዋል። ወዲያው ሳያዝዝ አንድ ትንሽ ሳሕን ምግብ ይቀርብለታል። ይህ በቶኪዮ «ኦቶሺ»፤ በኦሳካ ደግሞ «ፁኪዳሺ» ይባላል። ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ከ300 እስከ 500 የን ሆኖ በሒሳቡ ላይ ይደመራል። ልማዱን ያላወቀ የውጭ አገር ሰው «ያላዘዝሁትን ለምን እከፍላለሁ?» እያለ ይከራከራል፤ ነገሩ ግን የመቀመጫ ዋጋ እንደ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ምግቡ በትንንሽ ሳሕን እየሆነ በየተራ ይመጣና ከመካከል ይቀመጣል፤ ሁሉም ከዚያው ያነሣል። ከአንድ ትሪ መብላት የለመደ ኢትዮጵያዊ በዚህ ነገር እንግድነት አይሰማውም። በልማዱ ማንም ለራሱ አይቀዳም፤ የጎረቤቱን ብርጭቆ ይሞላል፤ ጎረቤቱም በተራው ይሞላለታል። መጠጥ የሚፈቀደው 20 ዓመት ለሞላው ሰው ነው። በ1 ሊትር ትንፋሽ ውስጥ 0.15 ሚሊግራም አልኮል የተገኘበት ነጂ ይቀጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህም ነጂ መሆኑን እያወቀ መጠጥ የሰጠውና ሰክሮ በሚነዳ ሰው መኪና አብሮ የተሳፈረው ጭምር ይቀጣሉ። ይህን የምንጠቅሰው ስለ መጠጥ ቤት መናገር ስካርን ማወደስ ሊመስለው ለሚችል ሰው ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ጃፓን ከሩቅ ሲያዩአት አንድ ወጥ የሆነች አገር ትመስላለች። በጠረጴዛዋ ዙሪያ ሲቀመጡ ግን እንደዚያ አይደለችም። በሰሜን የአኪታ ሰዎች የተቀቀለ ሩዝ ወቅጠው በእንጨት ላይ ይለጥፉና በእሳት ከጠበሱት በኋላ በዶሮ መረቅ ውስጥ ይጨምሩታል። የኮቺ ሰዎች ካፁኦ የተባለውን ዓሣ በገለባ እሳት ላዩን ብቻ ለብለብ አድርገው ይበሉታል። የኩማሞቶ ሰዎች ጥሬ የፈረስ ሥጋ ያቀርባሉ፤ ይህን ስንሰማ ቍርጥ የምንበላው እኛ እንኳ ፊታችንን አጨማድደናል። በመጠጥም እንደዚሁ ነው። የካጎሺማ አረቄ ከስኳር ድንች፤ የኦኢታ ከገብስ፤ የኩማሞቶ ከሩዝ፤ የአማሚ ደሴቶች ደግሞ ከጥቁር ስኳር ይወጣል። ኢንዱስትሪ ሲስፋፋ ወጣቶች ከየአውራጃው ወደ ትልልቆቹ ከተማዎች ጐረፉ። ከነዚህም አንዳንዶቹ እዚያው ኢዛካያ እየከፈቱ የአገራቸውን ምግብና መጠጥ ማቅረብ ጀመሩ። ለአገሬው ልጅ ናፍቆት ማስታገሻ፤ ለሌላው ሰው ደግሞ ሳይሳፈሩ መንገድ መሄጃ ሆኑ።

ከነዚህ ሁሉ የኦኪናዋ ሰዎችን ቤት የመረጥንበት ምክንያት አለን። ኦኪናዋ ከኦሳካ ወደ ደቡብ ምዕራብ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በባሕር መካከል የምትገኝ የደሴቶች አገር ናት። ቀድሞ ሪዩኪዩ የሚባል የራስዋ መንግሥት ነበራት፤ ከቻይናና ከሲያም ጋር ትነግድ ነበር። ጃፓን የራስዋ አውራጃ ያደረገቻት እ.ኤ.አ. በ1879 ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የስኳር ዋጋ ሲወድቅ ሸንኮራ አገዳ ያመርት የነበረው ገበሬ ተራበ። የሚበላው ቢያጣ ሶቴሱ የሚባለውን፤ ዘንባባ የሚመስለውንና መርዙ በደንብ ካልወጣ የሚገድለውን ተክል እስከ መብላት ደረሰ። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው በመርከብ ወደ ኦሳካ መጣና በጥጥ መፍተያ ፋብሪካዎችና በእንጨት መጋዘኖች ተቀጠረ። በወንዞች የተከበበችው ታይሾም ሰፈሩ ሆነች።

ኋላም ጦርነት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1945 በኦኪናዋ በተደረገው ውጊያ ከሁለቱም ወገን ከ200,000 የሚበልጥ ሰው አለቀ፤ ከደሴቲቱ ሕዝብ ከአራቱ አንዱ እንደ ሞተ ይነገራል። ከጦርነቱም በኋላ እስከ 1972 ድረስ ደሴቶቹን ያስተዳደረች አሜሪካ ነበረች። በነዚያ ዓመታት ከኦኪናዋ ወደ ኦሳካ የሚሄድ ሰው የጉዞ ሰነድ ማሳየት ነበረበት። ከ1957 ጀምሮም ገና ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱ ልጆች በቡድን እየሆኑ ለሥራ ይላኩ ነበር። ዛሬ ከታይሾ ነዋሪ ሩቡ ያህል የዘር ሐረጉ ከኦኪናዋ እንደሚመዘዝ ይነገራል።

እኛ የገባንበት ቤት በዚህ ሰፈር በአንድ የገበያ መንገድ ዳር የሚገኝ ጠባብ ቤት ነው። በባንኮኒው ዙሪያ ስምንት ወንበር፤ ከበስተኋላው ሁለት ዝቅተኛ ጠረጴዛ አለው። በግድግዳው ላይ በዘንዶ ቆዳ የተለበጠ ሳንሺን የሚባል ባለ ሦስት አውታር የሙዚቃ መሣሪያ ተሰቅሏል። ባለቤትዋ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ደንበኞቹ ሁሉ «ኦባ» እያሉ ይጠሩአቸዋል፤ ይህም በኦኪናዋ ቋንቋ አያት ማለት ነው። እኛም ወዲያው «እማማ» ማለት መሆኑ ስለ ገባን እንደዚያው አልናቸው። አብሮን የሚማር አንድ ጃፓናዊ ያስተረጕምልን ነበር።

እዚህ ላይ ችግር መጣ። ቀኑ ረቡዕ ነው። ከአምስታችን ሁለቱ ጾመኞች ነበሩ፤ አንዱ ሙስሊም ነው። የኦኪናዋ ሰው ደግሞ ምግቡ በዐሣማ ላይ የቆመ ነው። «ከዐሣማው ጩኸቱ ብቻ ነው የማይበላው» የሚል አባባል አላቸው፤ ጆሮው ሳይቀር ተቀቅሎና ተከትፎ በሆምጣጤ ይቀርባል። ቤቱ የዐሣማ፤ ቀኑ የጾም፤ መጠጡ አረቄ! እንግዲህ ምን ይደረግ?

እማማ አልተቈጡም፤ አልሣቁብንም። ብዕርና ወረቀት አምጥተው የማይበላውንና የሚበላውን አንድ በአንድ ጠየቁና ጻፉ። እንቁላል? ወተት? ዓሣ? መረቁስ? ብዙው መረቃቸው ከደረቀ ዓሣ እንደሚወጣ እኛ ሳንጠይቅ ራሳቸው ነገሩን። ከዚያ ሌላ መጥበሻ አወረዱና አጠቡ። ለጾመኞቹ የባሕር ወይን የሚባለውን፤ ፍሬው እንደ ዓሣ እንቁላል በጥርስ መካከል የሚፈነዳውን የባሕር አረም አቀረቡ። ጂማሚ ቶፉ የሚባለውን፤ ከለውዝ ወተትና ከስኳር ድንች ስታርች የሚረጋውን ለስላሳ ምግብ ጨመሩ። በጨው የታሸ የደሴቱን ትንንሽ ሽንኩርትም ከላዩ የሚነሰነሰውን የደረቀ ዓሣ ትተው አመጡ። ለሙስሊሙ ጓደኛችን ሳንፒን የሚባለውን፤ በአበባ መዓዛ የታጀበ ቀዝቃዛ ሻይ ሰጡት። አንዳንዱ ወጥ ሲሠራ አረቄ እንደሚጨመርበትም ነግረው ከዚያ ከለከሉት። የቀሩት ሁለታችን ብቻ ራፉቴ የተባለውን፤ በአረቄ፤ በጥቁር ስኳርና በአኩሪ አተር ማጣፈጫ ለብዙ ሰዓት የተቀቀለውን የዐሣማ ሥጋ በላን።

ሁላችንንም አንድ ያደረገን ጎያ ነው። ጎያ እንደ ኪያር የረዘመ፤ ቆዳው የጐረበጠና መራራ የሆነ አትክልት ነው። መራራነቱ ኮሶን ባያክልም ግራዋን ያስታውሳል። ይህን ከቶፉ ጋር ጠብሰው ሲያቀርቡት «ጎያ ቻምፑሩ» ይባላል፤ ቶፉም ከአኩሪ አተር ወተት እንደ አይብ የሚረጋ ምግብ ነው። ቻምፑሩ ማለት ድብልቅ ማለት ነው። በሌላ ቀን እንቁላልና ሥጋ ይገባበታል። ሥጋውም ብዙ ጊዜ የአሜሪካን ጦር ይዞት የመጣው የቈርቈሮ ሥጋ ነው። ስለዚህ የዚህ ሕዝብ ታሪክ በአንድ መጥበሻ ውስጥ ይገኛል ብንል ማጋነን አይሆንም፤ አትክልቱ የደሴቲቱ፤ ቶፉው ከቻይና በኩል የመጣ፤ ቈርቈሮው የጦርነቱ ትሩፋት ነው። ከባንኮኒው ወዲያ የተቀመጡ አንድ የኦሳካ ተወላጅ ሽማግሌ «ጎያ በመጀመሪያው ቀን አይወደድም፤ በሦስተኛው ግን አይተውም» እያሉ መከሩን። እሳቸው የኦኪናዋ ሰው አይደሉም። ግን በዚያ ወንበር ላይ ሠላሳ ዓመት እንደ ተቀመጡ ነገሩን።

አሁን ስለ መጠጡ፤ በተለይም የሳይንስ ተማሪዎች እንድትሰሙን እንፈልጋለን። የኦኪናዋ አረቄ አዋሞሪ ይባላል። የሚሠራው ከረጅሙ የታይላንድ ሩዝ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከመቶ 30 እጅ አልኮል አለው፤ በውሃና በበረዶ ይጠጣል። ካራካራ ከሚባል ትንሽ የሸክላ ማንቈርቈሪያ ይቀዳል። ለአንዳንዱ ካራካራ በሆዱ ውስጥ የሸክላ ድቡልቡል ይጨመርለታል፤ ባዶ ሲሆንም እየተንኳኳ ራሱ «ሙሉኝ» ይላል። በኛ አገር እህሉን ወደ ስኳር የሚለውጠው ብቅል ነው። በጃፓን ይህን ሥራ የሚሠራው ኮጂ የሚባል ሻጋታ ነው፤ ሩዙን በእንፋሎት አብስለው ሻጋታውን ይዘሩበታል። የኦኪናዋው ኮጂ ጥቁር ነው። ጥቁሩ ኮጂ የሎሚን ዓይነት አሲድ በብዛት ስለሚያመነጭ በዚያ ሞቃት አገር ጥንስሱ እንዳይበላሽ ይጠብቀዋል። እንግዲህ ሳይንሱን በመጽሐፍ ሳይሆን በልምድ ያገኙት የደሴቱ ጠማቂዎች ናቸው።

ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የቈየው አዋሞሪ ኩሱ ይባላል። አጠባበቁ የሚያስደንቅ ነው። ጋኖች በዕድሜ ተራ ይደረደራሉ፤ ከሁሉ ካረጀው ጋን ጥቂት ሲቀዳ የጐደለው ከሁለተኛው ይሞላል፤ የሁለተኛው ከሦስተኛው ይሞላል። በዚህ ዓይነት የመቶና የሁለት መቶ ዓመት አዋሞሪ በሹሪ ከተማ ይገኝ ነበር። በ1945 ግን ያ ሁሉ ጋን ከቤቱ ጋር ተሰባበረ። ሻጋታው ይራባ የነበረበት መጥመቂያም ተቃጠለ።

ይሁን እንጂ ሣካጉቺ ኪንኢቺሮ የሚባሉ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ከጦርነቱ በፊት፤ በ1935፤ ከኦኪናዋ መጥመቂያዎች ጥቁሩን ኮጂ ሰብስበው ነበር። ያ የተሰበሰበው ዘር በዩኒቨርሲቲው ቈይቶ በ1998 ሕያው ሆኖ ተገኘ። በ1999 በዚያው ዘር የተጠመቀ አዋሞሪ እንደ ገና ለሰው ቀረበ። በጦርነት የጠፋውን የአንድ ሕዝብ ጣዕም ያተረፈው በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተቀመጠ የጥናት ናሙና ነው። መምህራኖቻችን ይህን እንዲያስቡልን እንለምናለን። በዚያ ዘመን «ዶክተሩ የአረቄ ሻጋታ ለመልቀም እስከዚያ ድረስ ምን አደከማቸው?» የሚል ሰው አልነበረም ትላላችሁን?

እስካሁን የነገርናችሁ ደስ የሚያሰኘውን ነው። መራራውን ብንሰውር ግን እውነቱን አልተናገርንም።

ያንን ምሽት ያሳለፍንባት ኦሳካ እ.ኤ.አ. በ1903 ትልቅ የኢንዱስትሪ ኤግዚቢሽን አድርጋ ነበር። ከዚያ አጠገብ «የሰው ዘር አዳራሽ» የሚባል ተከፍቶ ሕያዋን ሰዎች እንደ ዕቃ ለተመልካች ታዩ። ከነሱም መካከል ሁለት የኦኪናዋ ሴቶች ነበሩ። የኦኪናዋ ሰዎች ተቈጥተው ጮኹ፤ ሴቶቹም ከዚያ እንዲወጡ ተደረገ። ነገር ግን ከዚያ ጩኸት ውስጥ አንዱ «እንደ አይኑና እንደ ታይዋን ተራራ ሰዎች እንዴት እንቈጠራለን?» የሚል ነበር። የተናቀው ሰው መናቅን ከመቃወም ይልቅ «እኔ ሳልሆን የሚናቀው ያ ነው» አለ። ይህን ባነበብን ጊዜ ስለ ጃፓን ብቻ የምናነብ አልመሰለንም።

ከዚህም በኋላ በሥራ ፍለጋ ለመጡት «የሪዩኪዩ ሰው አይገባም» የሚል ጽሑፍ በየደጃፉ የተለጠፈበት ጊዜ ነበር። በኦኪናዋም ትምህርት ቤቶች የእናቱን ቋንቋ የተናገረ ተማሪ የቅጣት ሰሌዳ በአንገቱ ይንጠለጠልበት ነበር። ሰሌዳውን ከአንገቱ የሚያወርደው ሌላ ተናጋሪ ጓደኛውን ሲያገኝ ነበር፤ ልጅን በልጅ ላይ ሰላይ ማድረግ ማለት ይህ ነው። እማማም በልጅነታቸው ጎረቤት እንዳይሸተው ምግባቸውን መስኮት ዘግተው ያበስሉ እንደ ነበረ ነገሩን። ዛሬ ያው ምግብ በጃፓን ከተማዎች ሁሉ ይፈለጋል፤ ያው መራራ ጎያ በየገበያው ይሸጣል። ያኔ የተዘጋው መስኮት ዛሬ ቀይ ፋኖስ ተሰቅሎበታል።

ይህ ለውጥ እንዲያው አልመጣም። አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። የኦኪናዋ ሰዎች «ሶባ» የሚሉት ምግብ ከስንዴ ዱቄት የሚሠራ ፓስታ መሰል ነው። በቀረው ጃፓን ግን ሶባ የሚባለው ከሌላ እህል የሚሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የመንግሥት የንግድ ተቈጣጣሪ «ይህ ሶባ ሊባል አይገባውም» ብሎ ከለከለ። የኦኪናዋ ሠሪዎች ግን «አያቶቻችን ሶባ ያሉት ይህንን ነው» ብለው ሁለት ዓመት ሙሉ ተከራከሩ። በመጨረሻም በኦክቶበር 17 ቀን 1978 ስሙ ተፈቀደላቸው። ዛሬ ያ ቀን በየዓመቱ የኦኪናዋ ሶባ ቀን ተብሎ ይከበራል። ለአንድ ሳሕን ስም ሁለት ዓመት መከራከር ለሚስቅ ሰው ያስቃል። ስሙን ለተነጠቀ ሰው ግን አያስቅም።

ሆኖም የሰውን ምግብ መውደድ ሰውን ከመውደድ ጋር አንድ እንዳልሆነ እንወቅ። ኦኪናዋ ከጃፓን መሬት 0.6 ከመቶ ብቻ ስትሆን፤ በጃፓን ለአሜሪካን ጦር ብቻ ከተሰጠው የጦር ሰፈር መሬት 70 ከመቶ ያህሉ የሚገኘው በስዋ ላይ ነው። ሕዝብዋ ይህ ሸክም እንዲቀልለት ስንት ጊዜ ጮኸ። በኦሳካና በቶኪዮ ጎያውን እያጣጣመ አዋሞሪውን የሚጠጣው ሰው ሁሉ ይህን ሸክም ለመካፈል የተነሣ አይደለም። ስለዚህ ጠረጴዛው ፍትሕን አይተካም። ጠረጴዛው የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ ሩቅ የነበረው ሰው ስምና ፊት እንዲኖረው ያደርጋል። ሠላሳ ዓመት በእማማ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ስለ ኦኪናዋ ክፉ ወሬ ሲሰሙ የሚያስቡት ስለማያውቁት ሕዝብ አይደለም፤ የሚያስቡት እማማን ነው። የኦኪናዋ ሰዎች «ኢቻሪባ ቾዴ» ይላሉ፤ አንድ ጊዜ ከተገናኘን ወንድማማች ነን ማለት ነው።

ውድ ጓደኞቻችን፤

አሁን ወደ ገዛ ግቢያችን እንመለስ። በዚህ ግቢ ውስጥ ከሰሜንም፤ ከደቡብም፤ ከምሥራቅም፤ ከምዕራብም የመጣን ልጆች አለን። በአንድ አዳራሽ እንማራለን፤ በአንድ ምግብ ቤት እንሰለፋለን። ግን ስንቶቻችን ነን ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ጓደኛችን በእናቱ ቤት ምን እየበላ እንዳደገ የምናውቅ? ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አለ። በቀልድ ስም የአንዱን ቆጮ፤ የአንዱን ጥሕሎ፤ የአንዱን ቦርዴ ስናንቋሽሽ ይሰማል። ከቤት የተላከለትን ስንቅ ሌሎቹ እስኪተኙ ድረስ ከአልጋው ሥር የሚደብቅ ተማሪ አለ። ያ ተማሪ መስኮት ዘግታ ከምታበስለዋ ልጅ በምን ይለያል? የዛሬው የምግብ ቀልድ ነገ የሰው ስድብ፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ድንጋይ ሊሆን እንደሚችል በየዩኒቨርሲቲው በደረሰው ነገር ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፤ በየወሩ አንድ ማታ በማኅበራችን ክፍል የአንድ አካባቢ ልጆች ተራ ደርሶአቸው የአገራቸውን ምግብ ያቅርቡ፤ ሌሎቻችን እንግዶች እንሁን። አቅራቢው ከምን እንደሚሠራ፤ ማን እንደሚሠራው፤ በምን ቀን እንደሚበላ ይንገረን። ጾመኛውም፤ ሙስሊሙም፤ የማይጠጣውም እንዳይቀር እንደ እማማ አስቀድመን ወረቀትና ብዕር ይዘን እንጠይቅ። ከጠላና ከጠጅ ጐን ብርዝ ይቀመጥ። ወጪው በመዋጮ ቢሆን ለማንም አይከብድም።

ሁለተኛ፤ የሳይንስ ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ሆነው የየአገሩን ጠላ፤ ጠጅ፤ አረቄ፤ ቦርዴና ሻሜታ አሠራር ከእናቶቻችን አፍ እየሰሙ ይጻፉ። የብቅሉንና የጌሾውን ልክ፤ የሚፈጀውን ቀን፤ የአየሩን ሙቀት ይመዝግቡ። የጥንስሱንም ናሙና በቤተ ሙከራ ያኑሩ። ናሙናው ለማን እንደሚጠቅም ዛሬ ላይታወቅ ይችላል። በቶኪዮም በ1935 አልታወቀም ነበር።

ሦስተኛ፤ ከገንዘብም ከቤተ ሙከራም በፊት የሚቀድመው ይህ ነው፤ በጓደኛችን ምግብ ላይ የሚነገረውን ቀልድ ስንሰማ አብረን አንሣቅ። ይህን ለማድረግ ፈቃድም በጀትም አያስፈልግም።

አንዳንድ ሰው «አገር ስንት ችግር እያለባት እናንተ ስለ ምግብ ታወራላችሁ» ይለን ይሆናል። እኛም ምግብ ችግሩን ሁሉ ይፈታል አላልንም። ነገር ግን አብሮት ያልበላውን ሰው ችግር ለመስማት የሚቀመጥ ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ተራ ለማን እንደሚደርስ በሚመጣው ሳምንት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በዕጣ ይወጣልና ስማችሁን እንድታስመዘግቡ እንለምናለን። መምህራኖቻችንም እንግዶቻችን ብቻ ሳይሆኑ በተራቸው አቅራቢዎች እንዲሆኑ በአክብሮት እንጠይቃለን።